ጄት ሊ በክፍል ሁለት፦ ጨርቅ እንዴት ዱላ ሆነ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ጄት ሊ ዎንግ ፌይሁንግን ሆኖ የሠራበትን «Once Upon a Time in China» የሚባለውን የኩንግ ፉ ፊልም ክፍል ሁለት ከታላቅ ወንድሜ ጋር አየነው። እሱ ‹ከመጀመሪያው ይበልጣል› ይላል። እኔ ደግሞ የመጀመሪያው የመሰላል ፍልሚያ ይበልጥብኛል። ሌላም ግራ የገባን ነገር አለ። ዎንግ ፌይሁንግ የእውነት የነበረ ሰው ነው? አብዮተኛውን ሱን ያትሰንንስ ያውቀው ነበር? ባላጋራው ሆኖ የሚጫወተው ዶኒ የን የፈለገውን መሣሪያ ማንሳት እየቻለ በጨርቅ የሚዋጋው ለምንድነው? ያየነው ቅጂ በእንግሊዝኛ የተቀዳ ነው። ሐኪሞቹ የተሰበሰቡበት ቦታ ላይ አንዱ ሰውዬ ዎንግ ያለውን ሁሉ ለምን እንደሚደግመውም አልገባንም።»

ወንድምህ ልክ ነው። ሁለተኛው ይበልጣል። የመሰላሉን ፍልሚያ እኔም እወደዋለሁ፤ ስንቴ እንዳየሁት አላውቅም። ግን ጥሩ ፍልሚያ ያለው ፊልምና ጥሩ ፊልም አንድ አይደሉም። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ሰውዬውን እንወቀው።

ዎንግ ፌይሁንግ በእርግጥ የነበረ ሰው ነው። በ1847 በደቡብ ቻይና፣ ፎሻን በምትባለው ከተማ አካባቢ ተወለደ። በ1925 ጓንግዙ ውስጥ አረፈ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አባቱ ዎንግ ኬይዪንግም «አሥሩ የካንቶን ነብሮች» ከሚባሉት ስመ ጥር ተዋጊዎች አንዱ ነበር። ካንቶን ማለት ያችው ጓንግዙ ናት።

የዎንግ ሙያ ምን ነበር ካልከኝ፣ በእኛ ቋንቋ ቁልጭ ያለ ስም አለው፤ ወጌሻ ነበር። የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፣ ወለምታ ያሻል፣ መድኃኒት ይቀምማል። ፖ ቺ ላም የሚባል የመድኃኒት ቤት ነበረው። ተማሪዎቹንም ኩንግ ፉ ያስተምር ነበር። ነገሩ የተለየ እንዳይመስልህ። በዚያ ዘመን በደቡብ ቻይና መምታት የሚያስተምር ሰው የተመታውን ማከምም ያውቃል። ፖ ቺ ላም በ1924 በጓንግዙ የነጋዴዎች አመፅ ጊዜ ተቃጠለ። ዎንግ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

የሕዝብ ጀግና ያደረገው ግን ከሞቱ በኋላ የተተረከው ነው። ታሪኩ መጀመሪያ በጋዜጣ ላይ በተከታታይ ልብ ወለድ ወጣ። ከዚያ ፊልም መጣ። ከ1949 ጀምሮ ኳን ታክሂንግ የሚባል የካንቶን ኦፔራ ሰው ዎንግ ፌይሁንግን ሆኖ ከ70 በላይ ፊልም ሠራ። አንድ ተዋናይ፣ አንድ ገጸ ባሕርይ፣ ከ70 በላይ ፊልም! ሆንግ ኮንግ ውስጥ ለሁለት ትውልድ ያህል «ዎንግ ፌይሁንግ» ሲባል ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው የኳን ፊት ነበር። ረጋ ያለ፣ ምክር የሚሰጥ፣ ካልተገደደ እጁን የማያነሳ ሽማግሌ።

እንግዲህ ዳይሬክተሩ ትሱይ ሃርክ በ1991 ይህን ሽማግሌ ወስዶ ለ28 ዓመቱ ጄት ሊ ሰጠው። ድፍረት ነው። ጄት ሊ የቤጂንግ ልጅ ነው፤ ገና በልጅነቱ የቻይና የዉሹ ሻምፒዮን የሆነ። ዉሹ ረጅም፣ ከፍ ያለ፣ አየር ላይ የሚከፈት እንቅስቃሴ ነው። እውነተኛው ዎንግ የሚታወቅበት «ሁንግ ጋር» የሚባለው ስልት ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ዝቅ ብሎ መሬት ይዞ መቆም፣ ክንድን እንደ ብረት ማጠንከር፣ የነብርና የሽመላ እንቅስቃሴ። እኔ ራሴ ለዓመታት ኩንግ ፉ ሳስተምር የቆየሁ ሰው ነኝና ይህ ልዩነት ዓይኔን ይወጋኛል። ጄት ሊ በአየር ላይ የሚደረድረው ያ «ጥላ አልባው ካልቾ»፣ ስሙ ከዎንግ ዝና የመጣ ነው፤ አመታቱ ግን የጄት ሊ ነው። ሁንግ ጋርን ለመማር ይህን ፊልም አትይ። ሰውነት ምን ያህል ማማር እንደሚችል ለማየት ግን ከዚህ የተሻለ የለም።

አሁን በኋላ የቻይና ሪፐብሊክ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ወደሆነው ወደ ሱን ያትሰን። ክፍል ሁለት የወጣው በ1992 ነው። የቻይንኛ ስሙ «ወንድ ልጅ ራሱን ማጠንከር አለበት» እንደማለት ነው፤ የፊልሙ መዝሙርም ስም እሱው ነው። (ዜማው ከፊልሙ በብዙ ይቀድማል። በኳን ታክሂንግ ፊልሞችም ይሰማ ነበር።) ታሪኩ የሚሆነው በ1895 ነው። ቻይና በጃፓን ተሸንፋለች። በዚያው ዓመት በሚያዝያ በተፈረመው የሺሞኖሴኪ ውል ታይዋንን አሳልፋ ሰጥታለች። ጓንግዙ ውስጥ ተማሪዎች መንገድ ወጥተው የሚጮኹትም ለዚህ ነው።

የዎንግና የሱን መገናኘት የዳይሬክተሩ ፈጠራ ነው። ሰዎቹ ግን እውነተኛ፣ ዘመኑም እውነተኛ፣ ከተማዋም እውነተኛ ናት። ሱን ያትሰን በእርግጥ ሐኪም ነበር፤ በ1892 ከሆንግ ኮንግ የሕክምና ኮሌጅ ተመርቋል። በ1895 ጥቅምት ወር ደግሞ እሱና ጓደኞቹ ጓንግዙ ውስጥ አመፅ ሊያስነሱ ሲሉ ተደረሰባቸው። ሱን አመለጠ። አብሮ አደጉና የአንድ መንደር ልጅ የሆነው ሉ ሃኦዶንግ ተያዘ፤ ኅዳር ላይም ተገደለ። ፊልሙ ውስጥ ከሱን የማይለየው፣ መጨረሻ ላይ የሚሞተው ሰውዬ እሱ ነው።

አንድ ነገር ልብ በልልኝ። በ1895 እውነተኛው ዎንግ የ48 ዓመት ጎልማሳ ነበር፤ ሱን የ28፣ ሉ ደግሞ 27 ገደማ። ፊልሙ ይህን ገልብጦታል። ዎንግን የሚጫወተው ጄት ሊ 29 ዓመት ገደማ ነው። ሉን የሚጫወተው ዴቪድ ቺያንግ ግን 45 ገደማ፤ በ1970ዎቹ የሆንግ ኮንግ ሰይፍና ካራቴ ፊልሞች ኮከብ የነበረ ሰው ነው። ስለዚህ ፊልሙ ላይ አብዮተኛው ታላቅ ወንድም፣ ወጌሻው ታናሽ መሰለ። ዎንግ የሚያዳምጥ፣ የሚገረም፣ የሚማር ሰው ሆነ። ይህ እንዲያው የሆነ አይመስለኝም።

ወደ ዋናው ልግባ። የጀግና ፊልም ክፍል ሁለት ሲሠራ የተለመደው ጀግናውን ማግዘፍ ነው። ጠላት ይጨመርበታል፣ ፈንጂ ይጨመርበታል፣ ካልቾው ይረዝማል። ትሱይ ሃርክ ግን ጀግናውን አሳነሰው። ክፍል አንድ ላይ ዎንግ በገዛ ከተማው ነው። ፖ ቺ ላም አለችው፣ ተማሪዎቹ በዙሪያው ናቸው፣ የሚያሠለጥነው ሚሊሻ አለው፤ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ክፍል ሁለት ላይ ይህን ሁሉ ነጠቀው። ባቡር ላይ አሳፍሮ ከፎሻን ወደ ጓንግዙ ወሰደው። ከጎኑ ያሉት ፉን የሚባለው ተማሪውና «አሥራ ሦስተኛዋ አክስት» ብቻ ናቸው። ሰውዬው በሰው አገር እንግዳ ነው።

አክስት መባሏ ግራ እንዳያጋባህ። የሥጋ ዝምድና የላቸውም። ቤተሰቦቻቸው በመሐላ የተሳሰሩ ናቸው፤ በእኛ አገር በጡት ልጅነት እንደሚመጣ ዝምድና በለው። በዕድሜ እኩያው ብትሆንም በማዕረግ አክስቱ ናት፤ ስለዚህ ቢወዳትም አፍ አውጥቶ ለመናገር ያፍራል። እንግሊዝ አገር ኖራ የተመለሰች፣ የፈረንጅ ቀሚስ የምትለብስና ካሜራ የምትይዝ ሴት ናት። ጓንግዙ ውስጥ ደግሞ ያ ቀሚስ ሊያስገድላት ይችላል።

ምክንያቱም ነጭ ሎተሶች አሉ። የፈረንጅ የሆነውን ሁሉ የሚያቃጥሉ፣ ጥይት አይመታንም ብለው የሚምሉ ነጭ ለባሾች። ነጭ ሎተስ የሚባል እንቅስቃሴ በቻይና ታሪክ ውስጥ በእርግጥ ነበር፤ ትልቁ አመፁ ግን በ1804 ያበቃ ነው። ፊልሙ ላይ የምናያቸው ሰዎች ጠባይ የተወሰደው ከቦክሰሮቹ ነው። ቦክሰሮቹ ጥይት አይበሳንም የሚሉ፣ በሰሜን ቻይና የተነሱ፣ በ1900 የቤጂንግን ኤምባሲዎች 55 ቀን የከበቡ ናቸው። ትሱይ ሃርክ ያንን ከበባ አምስት ዓመት ወደኋላ ጎትቶ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ አምጥቶ፣ አንድ የእንግሊዝ ቆንስላ ላይ አስቀመጠው። የታሪክ መምህር ይህን ስህተት ሊለው ይችላል። ለፊልሙ ግን የሚያስፈልገው ይኸው ነበር።

የቋንቋ ትምህርት ቤቱን ልጆች አስታውስ። የፈረንጅ ቋንቋ ስለተማሩ ብቻ ነጭ ሎተሶች መጡባቸው። ዎንግ ልጆቹን ይዞ መጠለያ ፍለጋ ይሄዳል። መንግሥት ቢሮ ሄደ፤ እዚያ ያለው የጦር አዛዥ ናፕላን፣ ማለትም ዶኒ የን፣ የሚያሳድደው አብዮተኞችን ነው፤ የልጆቹ ነገር ግድ አልሰጠውም። በመጨረሻ ልጆቹን የተቀበለው የፈረንጆቹ ቆንስላ ነው። አስበው እስቲ። በክፍል አንድ ከፈረንጅ ጋር ሲናነቅ ያየነው ሰው፣ አሁን የወገኑን ልጆች ከወገኑ ለማዳን ፈረንጅ ግቢ ያስገባቸዋል። ጠላቱ በካልቾ የሚወድቅ ሰው ብቻ አይደለም። የተዋረደ ሕዝብ ንዴት ነው፣ ንዴቱ ደግሞ ያገኘው ሕፃን ላይ ነው። ዎንግ ያንን ንዴት አይንቀውም፤ ከየት እንደመጣ ያውቃል። ለዚህ ነው ፊልሙ ላይ ብዙ ጊዜ ፊቱ የሚጨነቀው።

አሁን ስለዚያ «ደጋሚ» ሰውዬ። እሱ ሱን ያትሰን ነው፤ የሚያደርገውም መተርጎም ነው! ዎንግ በቻይንኛ ስለ መርፌ ሕክምና ያስረዳል፤ የተሰበሰቡት የፈረንጅ ሐኪሞች ቋንቋው አይገባቸውም። አንድ የማያውቀው ሰው ይነሳና ወደ እንግሊዝኛ ይመልስለታል። ሁለቱ የተዋወቁት በዚህ ነው። ዎንግ ፉንን አስቀምጦ ጉልበቱን ይመታል፤ እግሩ ይዘላል። መርፌ ይተክላል፤ እግሩ ዝም ይላል። ፈረንጆቹ ያጨበጭባሉ። በእናንተ ቅጂ ሁሉም ሰው እንግሊዝኛ ስለሚናገር የትዕይንቱ ነፍስ ወጥቷል። አንዱ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ሌላው በእንግሊዝኛ ይደግማል። ግራ ብትጋቡ አይፈረድባችሁም።

ለእኔ የፊልሙ ልብ እዚያ ጋ ነው ያለው። ዎንግ ምንም ሳይመታ፣ ማንንም ሳይጥል፣ በሙያው ብቻ ሲከበር የምናየው እዚህ ነው። ከዚያ ጭብጨባው ሳያበቃ የነጭ ሎተሶቹ ቀስት ይዘንባል። ቆይቶ ቆንስላው ሲከበብ ሁለቱ ሐኪሞች እንደገና ጎን ለጎን ሲሠሩ ታያለህ። አንዱ በምላጭ፣ ሌላው በመርፌ፣ ቁስለኞች ላይ። በቃል ብዙም አይነጋገሩም። እጃቸውን እይ።

በነገራችን ላይ የነጭ ሎተሶቹን መሪ የሚጫወተው ሾንግ ሺንሺን ነው። በክፍል አንድ ቀረጻ ጄት ሊ ተጎድቶ ስለነበር በአንዳንድ ከባድ እንቅስቃሴዎች በቦታው የገባው እሱ ነው። በክፍል ሁለት ደግሞ በራሱ ፊት መጥቶ፣ በተደራረቡ ጠረጴዛዎች ላይ ከጄት ሊ ጋር ይፋለማል። ሁለቱ አንዱ የሌላውን አካል ጠንቅቆ እንደሚያውቅ ያስታውቃል።

ጨርቁ! ይህን ጥያቄ ስለጠየቅከኝ ደስ ብሎኛል። ጋቢ አጥበህ ታውቃለህ? አንዱ በአንድ ጫፍ፣ ሌላው በሌላው ጫፍ ይዞ ሲጠመዝዘው ምን ይሆናል? ያ ልፍስፍስ ጥጥ ቀጥ ይላል። ይከብዳል። አንዱ ሳያስበው ቢለቀው ተወርውሮ የሌላውን እጅ ይገርፋል። የናፕላን መሣሪያ ሚስጥሩ ይኸው ነው፤ ቻይናዎቹ «የጨርቅ ዱላ» ይሉታል። ሲጠመዘዝ ሽመል ነው፣ ሲላላ ጅራፍ፣ ሲዞር ገመድ። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን እርጥብ አንሶላ አስጠምዝዤ አሮጌ ወንበር ላይ አስመትቻቸው ነበር። ሦስተኛው ምት ላይ የወንበሩ መደገፊያ ወለቀ። በእርግጥ እንደ ዶኒ የን ግድግዳ አልሰበርንም፤ እዚያ ጋ ተዋናይ የሚያንጠለጥል ሽቦና ፊልም የመቁረጥ ጥበብ አለ። መነሻው ግን ውሸት አይደለም።

ይህን ያቀናበረው ዩን ዎፒንግ ነው። በዚህ ሥራው የሆንግ ኮንግ የፊልም ሽልማትን በምርጥ የፍልሚያ ቅንብር ወስዷል። በኋላ የ«ማትሪክስ»ን ፍልሚያዎች ያቀናበረው ሰው እሱ ነው። ዶኒ የንም እንዲሁ የመጣ ተዋናይ አይደለም። እናቱ ቦስተን ውስጥ የኩንግ ፉ ትምህርት ቤት የከፈተች ታዋቂ መምህርት ናት፤ እሱም ቤጂንግ ሄዶ ዉሹ ተምሯል። ስለዚህ ሁለቱ ሲፋለሙ ካሜራው የሚደብቀው ድክመት የለም። ጠባቡ መንገድ ላይ ሲገናኙ ተመልከት። ዎንግ ቀርከሃ ይዟል፣ ናፕላን ጨርቅ። ጠንካራው ቀርከሃ ይሰነጠቃል፣ ይሰባበራል፣ ያጥራል። ለስላሳው ጨርቅ እየጠነከረ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ጨርቁ ዎንግ አንገት ላይ ሲጠመጠም፣ ዎንግ እጅ ላይ የቀረችው አንዲት የቀርከሃ ስንጣሪ ናት። በእሷ ይቆርጠዋል። ጀግናው ያሸነፈው በጥላ አልባ ካልቾ አይደለም። ከተሰበረው መሣሪያው በተረፈች ስንጣሪ ነው።

ጨርቅ ለምን እንደተመረጠ ግን ሌላም ምክንያት አለው እላለሁ። ፊልሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጨርቅ የተሠራ ነው። ነጭ ሎተሶቹ የፈረንጅ ዕቃን ሰብስበው ያቃጥላሉ። አሥራ ሦስተኛዋ አክስት በቀሚሷ ምክንያት ትታደናለች። የመንግሥት ሰው በጨርቅ ሰው ያንቃል። ሉ ሃኦዶንግ ደግሞ ሲሞት የሚያደርሱለት አንድ የተጠቀለለ ጨርቅ ይተዋል። መርከቧ ላይ ሱን ያትሰን ሲዘረጋው ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ፀሐይ ነው። ያንን ባንዲራ የነደፈው እውነተኛው ሉ ነው። ምልክቱ ዛሬም ታይዋን ባንዲራ ጥግ ላይ ይታያል፤ ያችው ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ተማሪዎቹ የሚጮኹላት ታይዋን።

ስለዚህ ወንድምህ ጋ ሄደህ «የመሰላሉ ፍልሚያ እንደ ፍልሚያ ከየትኛውም አይተናነስም፤ ክፍል ሁለት ግን እንደ ፊልም ይበልጣል» በለው። ሁለታችሁም ትስማማላችሁ።

ቅጂውን ግን ቀይሩት። ካንቶንኛውን ከጽሑፍ ትርጉም ጋር ፈልጉ። ጄት ሊ ራሱ የሰሜን ሰው ስለሆነ ካንቶንኛው ላይ የምትሰሙት ድምፅ የሱ አይደለም፤ ያ ምንም አይጎዳም። ዋናው ነገር ቻይናው በቻይንኛ፣ ፈረንጁ በእንግሊዝኛ መናገሩ ነው። ክፍል ሦስትም በ1993 ወጥቷል፤ ቤጂንግ ላይ የሚደረግ የአንበሳ ጭፈራ ውድድር ነው፤ ያዝናናል። አራትና አምስት ላይ ዎንግን የሚጫወተው ቪንሰንት ዣው ነው። ጄት ሊ በ1997 በስድስተኛው ይመለሳል፤ ታሪኩም ወደ አሜሪካ ይሄዳል። እነሱን በትርፍ ጊዜያችሁ እዩ። ሁለተኛውን ግን ቅጂውን እንዳገኛችሁ፣ ከሐኪሞቹ ጉባኤ ጀምራችሁ ድገሙት።